እየደከመ የሄደ ድምፅ

ኤምሬትስ፣ አል ዓይን ከተማ፣ አል ሙዋይጂ ሰፈር ውስጥ፣ በአገራችን ልጅ በሲራጅ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ተራዬን ስጠብቅ ነው ያየኋት። የሥራ ልብሷን በአባያ ሸፍናለች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች።

«የእናቴ ድምፅ በየቀኑ እየደከመብኝ ነው» አለችው። «ታማለች። የደከመው ስልኩ ይሁን እሷ አላውቅም።»

ሲራጅ የድምፅ መጨመሪያውን አየ፤ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሏል። ብሉቱዙም ጠፍቷል። በእያንዳንዱ ሙከራ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ስልኩ ደህና ከሆነ የደከመችው እናቷ ናት ማለት ነው።

በመጨረሻ የድምፅ ማውጫውን ቀዳዳዎች በብሩሽ ሲጠርግ አመድ የመሰለ ነገር ረገፈ።

«ዱቄት ነው እንዴ፣ እህቴ?»

«እምነት ነው፤ ለሕመምተኛ የሚቀባ፣ ከደብራችን የተላከልኝ። እጄ እሷ ጋ ስለማይደርስ ድምፅዋ በሚወጣበት ቀባሁላት።»

ሲራጅ ሙስሊም ነው፤ አልሳቀም። የረገፈውን ሰብስቦ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። ከዚያ የእናቷን የድምፅ መልእክት ከፈተ። ልጅቷ የደከመውን ድምፅ መስማት ፈርታ ጆሮዋን ልትይዝ እጇን አነሣች።

«አንቺ ልጅ፣ ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ፤ ምን ያስጮህሻል?» የሚል ቁጣ ሱቁን ሞላው።

እጇ እንደተነሣ ቀረ።

«ድገምልኝ፣ ወንድሜ» አለችው።

ተራው የእኔ ነበር። በልቤ ተመስገን ብዬ ወንበሬን ለቀቅሁላት።