ከአፋር የመጣችው ጥንብ አንሳ

ስልኩ የተደወለልኝ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነበር። ደዋዩ በአፋር ረባዳ በረሃ አዳኝ አእዋፍን የሚጠብቅ የሥራ ባልደረባዬ ነው። "ልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ ካለችበት አልተነቃነቀችም። እናንተ ዘንድ ኮሶዬ ናት፤ ሄደህ እያት" አለኝ።

ልጅቷ የምንላት አንዲት ጥንብ አንሳ ናት። እሱ ራሱ በረሃው ላይ ይዞ ያለችበትን የሚጠቁም ጂፒኤስ ጀርባዋ ላይ አስሮላታል። ወደ ደጋው ስትወጣ እኔ፣ ቆላ ስትወርድ እሱ፣ በየተራ እንጠብቃታለን። ዕድሜ ልካቸውን በደብር ያገለገሉት ካህኑ አባቴ "ቅዳሴ ይመራል ያልኩት ልጅ የጥንብ ዘበኛ ሆኖ ቀረ" እያሉ ይስቁብኛል።

ሽንኩርቱን ትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ኮሶዬ ገደሉ አፋፍ ላይ የሞተ ከብት የሚጣልበት ቦታ አለ። ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ገበሬዎቹ የሞተባቸውን መቅበር ጀምረው ስለነበር፣ አሞራዎቹ እንዳይራቡ "አትቅበሩ፣ ጎትታችሁ እዚህ ጣሉልኝ" እያልኩ በየሰንበቴው ዞሬ ለምኛለሁ።

ስደርስ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። አምስት ጥንብ አንሳዎች አንገታቸውን እንደ ደፉ ሣሩ ላይ ወድቀዋል። ጂፒኤስ የታሰረላት ልጅቷም ከመካከላቸው ነበረች። ክንፏን ባነሳው ተመልሶ ወደቀ። አጠገባቸው ግማሽ አካሏ የተበላ በቅሎ ተጋድማለች።

በቅሎዋን አወቅኳት። ኮሶዬ በሄድኩ ቁጥር ቤታቸው የሚያሳድሩኝ ሽማግሌ በቅሎ ናት። አህያቸውን የበላባቸውን ጅብ "ሳልገድለው አልሞትም" ሲሉ ሰምቻለሁ። ለጅቡ ብለው መርዝ ነስንሰውባታል ብዬ ደመደምኩ። ደሜ ፈላ።

ሽማግሌው አውድማ ላይ ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው ደቦ ወጥተው ገብስ ይወቁላቸዋል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮህኩባቸው።

"አያ፣ ምነው እንዲህ ያደርጋሉ? አሞራዎቹን መርዝ አበሏቸው አይደል!"

መንሹ ከእጃቸው ወደቀ። "መርዝ? እኔ? በመድኃኔዓለም፣ ልጄ!"

አላቆምኩም። ሕግ ፊት አቆምዎታለሁ እስከማለት ደረስኩ። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ከመርዘኛ ጋር ላለመቆጠር መንሻቸውን እያነሱ አንድ በአንድ ወጥተው ሄዱ። ገብሱ እንደተበተነ ቀረ።

ሽማግሌው ቤት ገብተው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው ተመለሱ። ባዶ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጦች ነበሩ።

"ከዚህ በቀር አንዳች አልነካትም" አሉኝ። "አንተው ያመጣህልኝ ነው። ሸጋ መድኃኒት ነበር፣ ሕመሟን አስታግሶላት ነበር። መርፌው ባለቀ በማግስቱ ሞተች። እንዳልከን ጎትተን ጣልንልህ።"

ብልቃጡን ተቀብዬ አነበብኩት። ዳይክሎፌናክ ይላል።

በቅሎዋ እግሯ አብጦ መቆም አቅቷት ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ መድኃኒት አልቆብኛል ቢላቸው፣ ጎንደር ከአንድ መድኃኒት ቤት "ጠንከር ያለ ማስታገሻ" ብዬ የገዛሁላቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙም ወጋት። ስሙን ለማየት እንኳ አልደከምኩም። ይህ መድኃኒት የተወጋ ከብት ሥጋ የጥንብ አንሳን ኩላሊት እንደሚያበላሽ ግን ሥልጠና ላይ ተምሬዋለሁ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። የሩቅ አገር ጣጣ ነው ብዬ ነበር የተውኩት። እንዴት ያለሁ ደንቆሮ ነኝ!

"አያ፣ የገደላቸው ይህ ነው። የገደልኳቸው እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ብልቃጡን፣ ቀጥለው እኔን አዩ። "ለበቅሎዬ አዝነህ ነው ያመጣኸው፤ እሱስ ይሁን" አሉ። ከዚያ ወደ ባዶው አውድማ ዞሩ። "እነዚያን ሰዎች ግን ማን ይመልስልኛል?"

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለእያንዳንዳቸው እየዞርኩ ልነግር ወደ መጀመሪያው ጎረቤት ቤት ቁልቁል ሮጥኩ። አባወራው ገና ቤት ገብቶ መንሹን እያስቀመጠ ነው። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እስከ ዛሬ ጠዋት ሽማግሌውን "አያ" ብላ ብድግ የምትልላቸው ሴት ናት።

"እህሳ" አለችኝ፣ "መርዙን አመነ?"