እህቴን በጠርሙስ ይዤ ወጣሁ

ሰዓት እላፊ ስለነበር የማታ አውሮፕላን ተሳፋሪ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ ነው ኤርፖርት የሚታጎረው። እኔም ከነሱ ጋር ታጎርኩ። የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ምሥራቅ ጀርመን የካንሰር ምርምር እንድማር ስኮላርሺፕ አግኝቼ መውጣቴ ነው። ፈታሹ የእጅ ቦርሳዬን ሲበረብር ፎርማሊን የተሞላች ትንሽ ጠርሙስ አገኘና ወደ መብራቱ አንስቶ አያት።

«ጓዲት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥጋ ነው።»

«የምን ሥጋ?»

«የእህቴ። ጡቷ ላይ እባጭ ወጥቶባት ሐኪም ከላዩ የቆረጠላት ነው። እዚያ ይመረመራል።»

ጠርሙሷን አየ፣ እኔን አየ። «እህትሽ የመውጫ ቪዛ አላት?»

ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት። ወይ ፍንክች! ደግነቱ አለቃው መጣና «ተዋት እባክህ፣ መቼ ሙሉዋን ይዛ ወጣች!» ብሎ አሳለፈኝ።

እህቴ እትዬ ብርቄ ለእኔ እናቴም ናት። ፒያሳ በስፌት መኪናዋ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነው ያሳደገችኝ። ስንሰነባበት «ምንም ይሁን ምን እንዳትደብቁኝ፣ አደራ» ብላናለች፣ ባሏም እየሰማ።

የተመደብኩበትን ላይፕዚግ ብታዩት ሰማዩ የከሰል ጭስ ነው። ዳቦው እንደ እንጀራ ይኮመጥጣል፣ ግን ወጥ አይዝም። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ፣ እኛ «ያ ክፉ በሽታ» እያልን የምናንሾካሹክበትን እነሱ ትራም ላይ ሆነው በጀርመንኛ «ክሬብስ አለብኝ»፣ ካንሰር አለብኝ፣ እያሉ ጮክ ብለው ያወሩታል! የማደሪያችን ኃላፊ ፍራው ሂልዳ አንድ ቀን ያዘችኝ።

«እናንተ አገር ክሬብስ አለ እንዴ?»

«አለ፤ ስሙን ግን አንጠራውም።»

«ካልጠራችሁት ይሄዳል?»

ላስረዳት ሞከርኩ። እኛ ዘንድ መርዶ እንኳ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት አልኳት። «ታዲያ ብቻውን የሚኖር ሰው ዘመዶቹ አይሞቱበትም ማለት ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

የሚያስተምረኝ ፕሮፌሰር የእትዬን ቁራጭ በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ አሳየኝ። ካንሰር ነው። ግን ገና ጅምር ነው፤ ጡቷ አሁኑኑ ከተነሳ ትድናለች አለኝ። ትድናለች! እዚያው ላቦራቶሪው ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ቤታችን ስልክ የለም፤ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለሱቁ ጋሽ ከድር ናቸው የሚያስጠሩልን። እትዬን ጥሩልኝ ብል ባሏ ጋሼ ታደሰ መጣ።

«ጋሼ፣ ካንሰር ነው፤ ግን ጡቷ ቶሎ ከተቆረጠ…»

«እባክሽ ስሙን አትጥሪው!» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሰማች በድንጋጤ ነው የምትሞተው። ቀላል እባጭ ነው ብያታለሁ።»

«በእግዚአብሔር! ቀላል ነው ካልካትማ እንዴት እሺ ብላ ትቆረጣለች? እሷን አቅርብልኝ!»

«ቀስ ብለን እናግባባታለን» ብሎ ዘጋው።

እሷስ ምን ታድርግ? ቀላል ከሆነ ጡቴን ለምን እቆረጣለሁ ብላ ስፌቷ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ በደወልኩ ቁጥር የለችም፤ አንዴ ሥላሴ ልትሳለም፣ አንዴ አራት ኪሎ ልብስ ልታደርስ ሄዳለች ይሉኛል፤ ደብዳቤ ብጽፍም ጋሼ እጅ ነው የሚገባው። ልመለስ ብል ትምህርት ሳይጨርሱ መመለስ አይፈቀድም ተባልኩ። ቁራጯ ግን ማስተማሪያ ሆናለች። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር «ይሄ በጊዜው የተገኘ ነው» እየተባለ ይታያል።

እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት አለፈ፤ ባለፈው እሑድ ደወልኩ። ጋሽ ከድር ናቸው ያነሱት።

«ጋሽ ከድር፣ እትዬ እንዴት ናት?»

ከውጭ የታክሲ ረዳት «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ሲል ይሰማኛል።

«ልጄ፣ አጠገብሽ የአገር ሰው አለ?»

«የለም፤ ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ደህና ናት» አሉኝ።