ፋጡና የጠቦቱ ዕጢ

ፋጡ የመን፣ ዓደን ከተማ፣ ኮርማክሳር በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ምግብ ቤት ሆድ ዕቃ ስታጥብ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ደሴ ተወልዳ በየመናዊ አባቷ በኩል ዓደን የገባች፣ ምላሷ ከቢላዋ የማይተናነስ ሴት ናት። ይህቺው ሴት ስድሳን ከደፈነች ወዲህ ፈሪ ሆነች። አምና አልማዝ ባለጭራ ጎኗን ላጠው፤ እሱ ሳይሽር ሳንባ ምች አስተኛት።

ዘንድሮ ደግሞ ኮሌራ ገባ። ልጇ ሃዲል የኮሌራ ድንኳን ነርስ ናት፤ በሽታውን ለእናቷ እንዳታመጣ ሰግታ ቤት መምጣት ከተወች ወር አልፏታል። ፋጡ ሞትን ትፈራለች፤ ልጇን ሳታቅፍ መሞትን ግን ከሁሉ አብልጣ ትፈራለች።

"በሽታው ሁሉ እኔን እንዲህ የሚደፍረኝ ለምንድን ነው?" አለቻት ልጇን በስልክ።

"ዩማ፣ እናቴ፣ ከደረት አጥንት ኋላ ታይመስ የምትባል ዕጢ አለች። በሽታ የሚከላከሉትን የሰውነት ወታደሮች የምታሠለጥነው እሷ ናት። ስናረጅ ትሟሽሽና ጮማ ትሆናለች። መልሰው ሊያሳድጓት የሚሞክሩ ሐኪሞች አሉ፤ ግን ገና ነው፣ ወላሂ ገና ነው።"

"ገና" የሚለው በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ፋጡ ዕጢዋን ታውቃታለቻ! ጠቦት ሲታረድ ከፍርምባው ኋላ ነጭና ለስላሳ ሆና ትገኛለች፤ ያረጀች በግ ላይ ግን ጮማ ብቻ ነው። ስንቱን ለድመት ወርውራለች!

ከማግስቱ ጀምሮ ዕጢውን ለራሷ አስቀረች። እሳት ኃይሉን ይገድለዋል ብላ፣ እንዳገሯ ልማድ በጥሬው፣ በሚጥሚጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው እያለች ቢስሚላህ ብላ ትውጣለች፤ ከዚያ ደረቷን በጣቷ እየጫነች "አደገች ይሆን?" ትላለች። መብራት ከጠፋ ሰንብቶ የምግብ ቤቱ ማቀዝቀዣ ሙቅ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ትውከትና ተቅማጥ ጣላት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና፣ ጎረቤቶቿ ተሸክመው ያደረሷት ከዚያው ድንኳን ነው። ሃዲል በጓንትና በጭንብል ተቀበለቻት።

"ምን በላሽ?"

ፋጡ ነገረቻት። ሃዲል ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ የደም ሥሯን ፈልጋ ግሉኮስ ሰካችላት። ፋጡ በጓንት ያለውን የልጇን እጅ ይዛ ደረቷ ላይ አኖረችው።

"እስቲ ዳሺኝ። ትንሽም አላደገች?"

ሃዲል ጎንበስ ብላ እናቷን አጥብቃ አቀፈቻት። ፋጡ ወር ሙሉ የተመኘችው ይህንኑ ነበር። አሁን ግን ልጇ መጠንቀቋን የተወችው ኮሌራው እናቷን አስቀድሞ ስለያዛት መሆኑ ገባትና፣ ከዚህ ቀደም ፈርታ በማታውቀው ፍርሃት ራደች።