የሚያልበው ግንብ

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ግንብ ያልበዋል። ወበቁ ሲብስ፣ ከባሕር የሚመጣው አየር እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ሲለጠፍ፣ ከሥዕሉ ድንጋዮች ላይ ጥቃቅን ጠብታ ይወጣል። እማዬ ግንቡን አይታ "ዛሬ ልብስ አይደርቅም" ትላለች፤ ከቴሌቪዥኑ የአየር ትንበያ ይልቅ እሱን ታምናለች። ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ፤ እዚሁ ዓደን፣ ማዓላ ሰፈር፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ። ማላብ ያስተማረው ግን አባዬ ነው።

ያኔ የሥዕል መምህርታችን ኡስታዛ ነጅዋ የሲራን ግንብ በውሃ ቀለም ሥለን እንድናመጣ አዘዘችን። ሲራ ባሕሩ ውስጥ ገባ ባለ ጥቁር ቋጥኝ ላይ ቁጢጥ ያለ የድሮ ምሽግ ነው፤ የዓደን ልጅ ሁሉ እያየው ያድጋል። ከሁሉ የበለጠው ሥዕል የወላጆች ቀን አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል፤ የሣለችውም ልጅ ፊቱ ቆማ ስለ ግንቡ ትናገራለች ተባለ። የክፍሌ ልጆች እንዲመረጡ ሲጸልዩ እኔ እንዳልመረጥ ለማርያም ጧፍ ተሳልኩ። ስሜ ሲጠራ እንኳ እጄን አወጣ ነበር እንጂ ድምፅ አላወጣም ነበር። ኡስታዛ ለብዙ ጊዜ ዓረብኛ የማልችል መስሏት ነበር።

አባዬ ስለ ጧፉ አያውቅም። እሱ ሁጀይፍ ወደብ ክሬን ላይ ይሠራ ነበር። የጎንደር ልጅ ነው፤ ወጣት ሆኖ ባሕር ተሻግሮ እዚሁ ቀረ። ግንብ የሚል ቃል ከሰማ ምሳውን ትቶ ይነሳል። "ሥዕሉ የግንብ ከሆነማ ሌላ ሰው አያስፈልግሽም" አለና በዕረፍታችን ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ይዞኝ ወጣ። እማዬ አንድ ጠርሙስ ውሃ አስያዘችን። ማዓላ የቧንቧ ውሃው ደስ ሲለው ብቻ ነበር የሚመጣው፤ ስለዚህ "ለቀለሙ ነው፣ ጠብታ እንዳታባክኑ" ብላ አስጠነቀቀችን። አባዬ ጠብታ አላባከነም። ሲራ ሳንደርስ ጠጥቶ ጨረሰው።

ዓሣ ገበያው አጠገብ፣ የጀልባ ጥላ ሥር ተቀመጥን። የዓሣው፣ የናፍጣው፣ ከሻይ ቤቱ የሚመጣው የሄል ሽታ አንድ ላይ ሆኖ አፍንጫዬ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ቀለሜን ዘርግቼ ባዶውን ጠርሙስ ባየሁ ጊዜ አባዬ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ከዚያ ከአሸዋው ላይ ባዶ የቱና ቆርቆሮ አንስቶ ከባሕሩ ቀዳልኝ።

"ጨው ነው እኮ፣ አባዬ።"

"ግንቡስ የት ነው የተቀመጠው? ባሕር ላይ። ለምዶታል።"

በባሕር ውሃ ሣልኩ። ቡናማውን ሳስነካው ፀሐዩ ከብሩሹ ቀድሞ ያደርቀዋል፤ እኔም እያረጠብኩ፣ ደግሜ እያረጠብኩ ግድግዳውን ጨረስኩ። አባዬ ዐይኑን ጨፈን ከፈት አድርጎ አየው።

"ጉልላቱስ?"

"የለውም።"

"ግንብ ያለ ጉልላት? እታለም፣ ይሄማ መጋዘን ነው።"

ብሩሹን ተቀበለኝና በዚያ ኮንቴይነር በለመደ እጁ፣ በየማዕዘኑ አንድ አንድ ክብ ጉልላት አስቀመጠበት፤ ልክ የፋሲል ግንብ እንዳለው። ላስቆመው ስል አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጉልላት ያበቀለ ሲራ በምንም ተአምር አይመረጥም! አባዬን በሆዴ እያመሰገንኩ ቀለሙን አቀብለው ጀመር።

አጠገባችን መረብ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አንገቱን አስግጎ አየ። "ያ ሐበሺ፣ ምን ጫንክበት? እንቁላል?" አለው።

አባዬ ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ፊቱ በራ። "ሰማሽ? ሳንነግረው አወቀው። ጎንደርም እንቁላል ግንብ ነው የሚሉት።"

"ሲራ ላይ ፍየል እንጂ ዶሮ ወጥታ አታውቅም" አለ ሰውዬው። አባዬ በዚህም ደስ ብሎት ሻይ ጋበዘው።

ቤት ገብተን ጨርሶ ሲደርቅ ጨው ወጣ። የግንቡ ድንጋይ ሁሉ እንደ ተፈጨ መስታወት ያብለጨልጭ ጀመር። ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ኡስታዛ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ቆየች። አጠገቤ ተቀምጣ ጉልላቱን አይታ የሳቀችው ልጅ ሳቋን ዋጠችው።

"ይህን ድንጋይ በምን ሠራሽው?" አለችኝ። ዝምታዬን የባለሙያ ምስጢር አደረገችው። ተመረጥኩ። ማርያም ያልሰማችኝ ጧፉን ቀድሜ ስላላስገባሁ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

የወላጆች ቀን አባዬ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ መጣና መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሥዕሉ ፊት ቆምኩ። ያጠናሁት ሁሉ ከእግሬ ጣት በኩል ወጥቶ ሄደ። ከፊት የተቀመጡ ጢማም አዛውንት በትሕትና ጠየቁኝ፦ "ልጄ፣ ሲራ ከመቼ ወዲህ ነው ጉልላት ያወጣው?"

ዐይኔ መጨረሻው ረድፍ ላይ አባዬን ፈለገ። ያን ጊዜ አባዬ ከኋላ ተነሳ። የአባዬ ዓረብኛ የወደብ ዓረብኛ ነው፤ መጫንና ማራገፍን እንጂ ሌላ ነገር አያውቅም። "ጉልላቱ... ከጎንደር... ተነሳ። ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ... ሲራ ላይ ወረደ" አለ፣ ሁለት እጁን እንደ ክሬን ወደ ላይ ዘርግቶ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባዬ እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ያን ፈገግታ ባላይ ኖሮ እስከ ዛሬም ዝም እንዳልኩ ነበርኩ።

"እንግዳ ነው" አልኩ። ድምፄ ከሌላ ሰው የመጣ መሰለኝ። ሳቁ ቀዘቀዘ። "የአባቴ አገር ግንብ ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ ሲራ ቤት አረፈ። እንግዳ ሲመጣ አይሳቅበትም።"

አዛውንቱ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። ከዚያ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ እኔን ሳይሆን ሥዕሉን፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "መርሐባ" አሉት። ከኋላቸው ሌሎቹም "መርሐባ፣ መርሐባ" ተባባሉ። አባዬ እጁን አውርዶ ተቀመጠ። በኮቱ እጅጌ ላቡን ጠረገ፤ ላብ ብቻ መሆኑን እንጃ።

ያን ጊዜ የሳቁት ልጆች ዛሬ ተበታትነዋል። ሲራም ባለፉት ዓመታት ብዙ አየ፤ ዓሣ ገበያው ግን ያው ይሸታል። አባዬ ከክሬኑ ወርዶ ጡረታ ወጥቷል፤ ጉልበቱ ደረጃ አይወጣለትም፤ ጎንደርንም አንድ ቀን እሄዳለሁ እንዳለ፣ እስከ ዛሬ ተመልሶ አላያትም። እኔ ዛሬ ኮርማክሳር ሰፈር፣ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተምራለሁ። ከጠዋት ጀምሮ መዳፌ እንደ ዓሣ ይንሸራተታል። ልጅ ሆኜ አፌ ሲዘጋ ከኋላ ረድፍ የሚነሳልኝ ሰው ነበረኝ፤ ዛሬ ወንበሩ ባዶ ነው።

ጫማዬን ሳጠልቅ አባዬ ከተቀመጠበት ሆኖ ግድግዳውን አየ። ወበቅ ስለሆነ ጉልላቶቹ ሁሉ አልቧቸዋል።

"እሱም እንዳንቺው ፈርቷል" አለኝ።

ጨው እርጥበት እንደሚስብ አውቃለሁ፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት። ግን አልተከራከርኩትም። በሩን ስከፍት ከኋላዬ ጠራኝ።

"እታለም፣ የማታውቂውን ከጠየቁሽ፣ እንግዳ ነው በያቸው።"