አሸዋው ወንዝ ነበር

ባለፈው ወር ለንደን ውስጥ፣ ኬንቲሽ ታውን፣ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ሮማን ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ለወጣቶቹ ልጅነቷን ታወራ ነበር።

«ድሬዳዋ መሃል የሚያልፈው ደቻቱ፣ ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው» አለች ዶሮ ወጧን እየጎረሰች። «ኳስ ስንጫወትበት እንውላለን። እናቴ የሐረር ተራሮች ላይ ደመና ካየች ግን ‹ውጡ! ውሃው መጣ!› ብላ ትጮሃለች። እኛ ጋ ፀሐይ ነው፤ ወንዙ ግን ይሞላል!»

ወጣቶቹ ሳቁ። እኔ ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት። ጂቡቲ ሳለን ሮማን የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ነበር የምትለን።

ጂቡቲ የገባሁት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ያደግሁት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ስለሆነ፣ ለእኔ ወንዝ ማለት ክረምት የማያሻግር፣ በጋም የማይደርቅ ነገር ነበር። ያ አገር ግን ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድ ወንዝ የለውም። የእኛው አዋሽ እንኳ ባሕሩን ሳያይ ድንበሩ ላይ ካለ ጨዋማ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሮማን ሁለት ዓመት ቀድማኝ ገብታ ነበር። ከአንዲት ክፍሏ ጥግ ሰጠችኝ፤ ይህን አልክድም። ሁለታችንም ወደ እንግሊዝ ለመሄድ ለስደተኞች ቢሮ አመልክተን ስንጠብቅ፣ የቃለ መጠይቅ ወረቀት ለእኔ ቀድሞ ደረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቷ ተለወጠ። በሳምንቱ «እህቴ፣ ክፍሉ ጠበበን» አለችኝ።

«የት ልሂድ?»

«በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያለውን አሸዋ አላየሽም? ባለቤት የለው፣ ኪራይ የለው!»

«ታዲያ ለምን ማንም አልሰፈረበትም?»

«አቤት! ባላገር ስትባሉ ሁሉን ነገር ትጠረጥራላችሁ።»

ባላገር መባሉ አሳፈረኝና ዕቃዬን ይዤ ወደ አሸዋው ወረድኩ። በካርቶንና በሸራ ጎጆ ቀለስኩ። ወረቀቴን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከትቼ ከፍራሼ ሥር ቀበርኩት።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ በሻይ ዳቦ እየነከርኩ ስበላ የከባድ መኪና ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ፍየል የምትጠብቅ አንዲት የአፋር ሴት ከዳር ሆና በማላውቀው ቋንቋ ጮኸችብኝ። የምትሰድበኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። ሮጣ መጥታ በክንዴ ጎተተችኝ። ዳር ወጥቼ ዞር ስል ቡናማ ጎርፍ ጎጆዬን ጠራርጎ ወደ ባሕር ይዞት ይሄዳል። ፍራሹም ቆርቆሮውም የለም።

ቢሮው ያለ ወረቀት አላስገባኝም፤ እንደ አዲስ ተመዘገብኩ። ሮማን በዚያው ዓመት ለንደን ገባች። እኔ የደረስኩት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ቦታዬን ወሰደች አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። ግን ቤተ ክርስቲያን በተገናኘን ቁጥር እየሳምኳት ዓይኗን አያለሁ።

ድግሱ ላይ ሳቁ ጋብ ሲል ጠየቅኋት።

«ሮሚ፣ ያ የጂቡቲው አሸዋ ወንዝ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

እጇን በሶፍት ቀስ ብላ ጠረገች። «አይ አንቺ! አርባ ዓመት ያለፈው ነገር በሰው ድግስ ላይ ይነሳል?» አለች። ካፖርቷን አንስታ፣ የሃርልስደን አውቶቡስ እንዳያመልጣት ብላ ወጣች።

አላወቅሁም አላለችም። እስከዚያ ቀን ድረስ «ምናልባት አታውቅም ነበር» የምትል አንዲት ጥርጣሬ ነበረችኝ፤ ሰላም የምላትም ለዚያች ጥርጣሬ ስል ነበር። አላወቅሁም ብትለኝ ኖሮ፣ ውሸት መሆኑን እያወቅሁም፣ እቀበላት ነበር።