«እህቴ ናቸው» ያልኩላቸው እትዬ አበጀሽ

ለምታውቋቸው ሁሉ፦ ወሬው ተጣሞ ሳይደርሳችሁ ራሴ ልንገራችሁ። ዲፕሎማቷ ወይዘሮ አበጀሽ ባለፈው ሳምንት ኢየሩሳሌም ውስጥ አርፈዋል። እናቴ አክስታቸው ናት፤ ያደጉትም እኔ ዛሬ በምኖርበት ቃሊቲ ሰፈር፣ እዚሁ ግቢ ነው።

ቤተ እስራኤል በመሆናቸው በልጅነታቸው «ቡዳ» እየተባሉ ተሸማቀው፣ በእግራቸው ሱዳን ገቡ፤ ከዚያም እስራኤል። ወለል እየወለወሉ ተምረው ዲፕሎማት ሆኑና ተመልሰው አዲስ አበባ፣ የእስራኤል ኤምባሲ ተመደቡ። ሰፈሩ ባለባንዲራ መኪና ሲጠብቅ፣ እሳቸው ከሳሪስ አቦ በሚኒባስ ተጋፍተው መጡ! «መኪናው የመንግሥት ነው፤ እናንተ ግን የራሴ ናችሁ» አሉ።

እኔ እስራኤል ወዳለችው እናቴ ለመሄድ ካመለከትኩ ዘመን ሆኖኛል። ቤት አላድስ፣ ነገ እሄዳለሁ፤ ሚስት አላገባ፣ ነገ እሄዳለሁ። ኤምባሲው ለቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ ጠያቂው «አበጀሽ የምትባለው ዲፕሎማት ምንህ ናት?» አለኝ። «እህቴ ናቸው» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? የአክስት ልጅ እህት ካልሆነች ማን ሊሆን ነው! ሰውዬው ግን ከእናቴ ልጆች መሃል ስማቸውን አጣ። ዋሸ ተባልኩ፤ ጉዳዬም ታገደ።

እትዬ አበጀሽ ተጠየቁ። ፊቴ ቆመው «እህቱ አይደለሁም፤ የአክስቴ ልጅ ነው» አሉ። እውነት ነው። እኔ ግን በር ላይ ጠብቄ «ካዱኝ እኮ!» አልኳቸው።

«አልካድኩህም ልጄ። አንድ ቃል ብጨምር ለዘመዷ አደላች ይባልና በሩ በሌላውም ላይ ይዘጋል። አንተ ቃሊቲ ተይዘሃል፤ እኔም ወንበሬ ላይ ተይዣለሁ» አሉኝ፣ እንባቸው እየወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ ቂሜ ግን አልወጣልኝም።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ እንደ እኔ ለመሄድ የሚጠባበቁትን ሽማግሌዎች ግቢያችን ሰብስበው ለቃለ መጠይቁ ማስጠናት ጀመሩ። «አጎትን አባቴ አትበሉ፤ ጠያቂዎቹ ዘንድ አባት የወለደ ብቻ ነው» ይሏቸው ነበር። አንዲት አሮጊት «ያሳደገኝን አጎቴን አባቴ አልለው? ምን ጉድ ነው!» ብለው ቢያፋጥጧቸው፣ «እዚህ አባቴ ይበሉት እማማ፤ የኤምባሲው መስኮት ጋ ሲደርሱ ብቻ አጎቴ ይበሉ» አሉና ተያይዘው ሳቁ። አሮጊቷ ጥያቄውን አልፈው ሄዱ። ከእነዚያ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ዛሬ እስራኤል ናቸው፤ በእትዬ ቀብር ላይም ቆመዋል። የእኔ ጉዳይ ግን እንደገና ተከፍቶ፣ ዛሬም «እየታየ ነው» ይባላል።

እትዬ፣ ደህና ይሁኑ። እናቴ መሬት ተቀምጣ ሰባት ቀን ስታለቅስልዎ፣ እኔ እዚህ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ከመንገዱ የከባድ መኪና ጡሩምባ ሲያንባርቅ ሰው ለቅሶ ሊደርሰኝ የመጣ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ። ሕጉን ስላከበሩ አልወቅስዎትም፤ ግን ናፍቀውኛል፣ ተከፍቼብዎታለሁም፤ ሁለቱም አብረው አሉ። መቃብርዎ ላይ እመጣለሁ ልልዎት ፈልጌ ነበር። እናቴንም እንደዚሁ ስላት ነው ያረጀችው።