በሁለቱ ምቶች መካከል

ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። «ሰው መትቻለሁ አባ» አልኳቸው፤ ስግደት አዘዙልኝ፤ ሰገድኩ። ስንት ጊዜ እንደመታሁ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምት መካከል ምን እንደተባለማ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ፤ አትዘኑልኝ እንጂ ስሙኝ።

የመታኋት ሜሮን የምትባል ልጅ ናት። ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር፣ አንድ የኮምፒውተር መደብር ውስጥ ትሠራ ነበር፤ አዲስ ገዝቶ አልከፈት ያለውን ሰው ሁሉ የምትረዳው እሷ ናት። እኔ መሀል ከተማ ጥበቃ ነኝ። ፈቃዴን ለማሳደስ ኦንላይን ኮርስ መጨረስ ነበረብኝ፤ በዚያ ሳምንት ካልጨረስኩ ሺፍት የለኝም። ለዚሁ ብዬ የገዛሁት ላፕቶፕ መደብሩ ውስጥ በእሷ እጅ ይከፈታል፤ ቤት ስወስደው ፓስዎርዱ ተሳስቷል ይለኛል። ሁለት ጊዜ መልሼ ወሰድኩት።

ሜሮን እዚሁ ሜልቦርን የተወለደች ናት። ሜልተን በሚባል የከተማው ዳር ሰፈር፣ ወንድ በሌለበት ቤት፣ ከእናቷና ከሁለት እህቶቿ ጋር ነው ያደገችው። አማርኛዋን የለቀመችው ከእነሱ አፍ ስለሆነ ሰውን ሁሉ «አንቺ» ትላለች። የመጀመሪያ ቀን «ጋሼ፣ ቁጭ በዪ፣ አሁን እሠራልሻለሁ» ስትለኝ ሳቄን ዋጥኩት። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነግሬያት እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ይህን ልብ በሉልኝ። ስድብ እንዳልሆነ አውቅ ነበር፤ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ጉዞዬ ጓደኛዬን ተፈራን ይዤ ሄድኩ። ምን አቅብጦኝ! ተፈራ ሰው ላይ መሳቅ ይወዳል። ሜሮን ፓስዎርዱን እኔው እንድጽፍ አድርጋ ጣቶቼን ስታይ ቆየችና ፊቷ በራ። «ጋሼ፣ ትልልቁ ፊደል በርቶብሽ ነው እኮ! ይቺን ተጫኚ፣ በቃ!» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ያመላለሰኝ አንድ ቁልፍ ነው። ተፈራ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሰማሽ? ተጫኚ እንጂ እመቤት!» አለኝ። ወረፋ የያዙት ፈረንጆች ዞረው አዩኝ። አማርኛ አያውቁም፤ የተሳቀበትን ሰው ለመለየት ግን ቋንቋ አያስፈልግም።

ያዋረደኝ ተፈራ ነው። ለምን ተፈራን አልመታሁም? ተፈራ ይመልሳላ! ላፕቶፑን ከደንኩት፣ በሁለት እጄ አነሳሁት፣ በጠርዙ የሜሮንን ፊት መታሁ። ጉንጯ ተሰነጠቀ። ቁስሉ መጀመሪያ ነጭ ነበር፤ ከዚያ ደም ሞላው። መነጽሯ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ፊቷን በእጇ ይዛ ቀና አለችና፣ በዚያው በእናቷ ቤት አማርኛ፣ «ጋሼ፣ ምን አደረግኩሽ?» አለችኝ።

ምን አደረግኩሽ! እየደማችም «ሽ»! ሌላ ቃል የላትም። እኔ ቆሜ ሰማኋት፤ ገባኝ። ከዚያ ደግሜ መታኋት። አሁን አፏን ነበር የመታሁት። ዝም እንድትል ነው የመታሁት። ሁለት ጥርሷ ረገፈ። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እኔ ግን ሰምቼ ነው የመታሁት። የመጀመሪያውን ንዴቴ መታ እንበል። ሁለተኛውንስ ማን መታ? እኔ ነኝ። እኔ መታሁ።

ፖሊስ መጣ። እናቷ ግን «የኛው ሰው ነው፣ ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ» ብላ ስለለመነቻት ሜሮን ቃሏን ሳትሰጥ ቀረች። ሽማግሌዎቹ ፊት «በአደባባይ አንቺ አለችኝ» አልኩ። ተፈራ «በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ፤ አልዋሸም። እናቷ «ቋንቋው በደንብ አይገባትም» ብላ አለቀሰች። አንደኛው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው «አውቃ ነው ሳታውቅ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሜሮን አፏ ተሰፍቶ መናገር አትችልም፤ ታየኛለች። በደሟ መሀል ያለችውን ያን አንድ ቃል ብናገር ነጻ ትወጣ ነበር። «አውቃ ነው» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ «አስቀድማ የተሳደበችው እሷ ናት፣ ይቅርታ ትጠይቅ» ብለው ፈረዱ፤ ለእርቁም እናትና ልጁን ይዘው ዌስት ፉትስክሬይ ቤቴ ድረስ መጡ። እናቷ ከጎረቤቴ የአበባ መደብ ያነሳችውን ድንጋይ አንገቷ ላይ ተሸክማ ደጄ ላይ ተንበረከከች። «ስለ እግዚአብሔር ይማሩን» አለችኝ፣ አንቱ ብላ። ሜሮን ከኋላዋ ቆማለች፤ ስፌቱ ከጉንጯ እስከ ከንፈሯ ወርዷል። ይቅርታ ጠይቂ ስትባል በእንግሊዝኛ «ሶሪ» አለች። እናቷ ድንጋዩን እንደተሸከመች፣ «ከዚያ ቀን ወዲህ አማርኛ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ለኔም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ እኔ ደግሞ ብዙውን አልሰማትም» አለችኝ።

እና እኔ ምን አልኩ? «ተነሺ፣ ይቅር ብያለሁ» አልኩ! ሽማግሌዎቹ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ልበ ሰፊ ነህ አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ሜልተን ውስጥ እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይግባቡ ይኖራሉ። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳቸው። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። የማይመለከተው ሰው የሚሰጠው ይቅርታ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔው ራሴ ሰጥቼዋለሁ።